አየሩ ጥሩ ነው

የብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑ ዝጎ እምቢ አለ፣
በማንኪያ እጀታ ፈለቀቅሁት፤ ሽታው ቀድሞ ብቅ አለ፦
የብረት፣ የብል፣ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ።
እናቴ ዙልፋ መነጽሯን በዳበሳ ፈልጋ
ፎቶውን አነሳች፣ ወደ መስኮቱ አስጠግታ።

ሦስት ወጣቶች። ደብረ ዘይት። የካምቤራ ክንፍ ጥላ።
በቀኝ ናስር አባ መጫ፣ አጎቴ፣ የሂርማታ ልጅ፣
በማስመሪያና በእርሳስ ሰማይ ላይ መንገድ የሚያሰምር፤
መሃል አብራሪው፣ ሻምበል ይገዙ፤
ባለቤቱ ዘንድ ደውለን አልቅሳ ዘጋችብን፣
በማግስቱ ራሷ ደወለች።
በግራ ያለውን ውሃ ነክቶታል፣
አገጩም ስሙም አብረው ሄደዋል።

"የጅማ በርጩማ፣" ትላለች እናቴ፣
"ሦስት እግሩ ካንድ ግንድ ነው የሚፈለፈል፤
አንዱን ሳታውቅ እንዴት ተደላድለህ ትቀመጣለህ?"
ይኸው ሦስተኛ ዓመታችን፣ አንድ እግር ስንፈልግ።

ከጦርነቱ በፊት ነው፣ በጥቅምት፣
ጅሬንን ዞሮ ዝቅ ብሎ መጣ፤
ገበያው ተንጫጫ፣ በቅሎ ገመዱን በጠሰ፣
የአባ ዱራ ሱቅ መስተዋት ተሰነጠቀ።
እሷ ግን የተሸከመችውን በቆሎ ጥላ
"ወንድሜ ነው! የኔ ወንድም ነው!" እያለች
እስከ አዌቱ ድልድይ ሮጠች፣
ክንፉን ሲያወዛውዝላት።
ከዚያ ወዲህ ጅማ የሚያርፈውን ሁሉ አውሮፕላን፣
የነጋዴም ይሁን የባለሥልጣን፣
ደጅ ወጥታ ታየዋለች።

ከምሥራቅ የመጣ አንድ ደብዳቤ አለ፣ ጥር ሰባ፦
"እኔ ደህና ነኝ። አየሩ ጥሩ ነው።"
ቀጥሎ የጦሩ፣ ሁለት መስመር፣ ማኅተሙ ከጽሑፉ የሚገዝፍ፦
ሦስቱም አልተመለሱም።

ባለፈው ክረምት ሃምሳ አለቃ ቱፋን ቢሾፍቱ አገኘሁት።
ቦምብ ጫኝ ነበር፤ አንድ ጆሮው አይሰማም።
ስሙን በሚሰማው በኩል ጮኬ ነገርኩት፣
"ብርቱካኑ!" አለና ሳቀ፣ "ከጅማ በተመለሰ ቁጥር
ኪሱ ሁሉ ብርቱካን፣ ልጣጩ ካርታው ላይ።"
ሦስተኛውንስ? ብዙ አሰበ።
"ዝምታው ነበር የምንለው። የእናት ያባቱን ስም... ማን ጠየቀው?"
ስሄድ ከፍራሹ ሥር ደብተር አወጣ፣
ወረቀት ሁሉ በሚቃጠልበት ሰሞን
በሸሚዙ ውስጥ ያወጣው።

ማታ ለእናቴ አነበብኩላት።
ቀን። ሰዓት። ከፍታ። የመንደር ስም የለም፣
ዲግሪና ደቂቃ ብቻ።
ጂኦግራፊ አስተምራለሁና
በትምህርት ቤቱ ካርታ ላይ ቦታውን ፈለግሁት፤
ጣቴ ሸፈነው።
በመጨረሻው ዓምድ፣ በዚያው በደብዳቤው እጅ፣
የ"ው" ጭራው እንደዚያው ተቆልምሞ፦
"ዒላማው ተመትቷል። አየሩ ጥሩ ነው።"

ዝም አለች። ፋኖሱን፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ለኮሰች።
"የት ወደቀ ብዬ ስጠይቅ ኖሬያለሁ፣
የት ጣለ ሳልል ነው ዕድሜዬን የፈጀሁ።
ጣለን እያልኩ አለቀስኩ፤
ለካ በሰው ላይም ይጥል ኖሯል።"

እዚያም አንዲት ሴት ነበረች ይሆናል፣
ያንኑ ድምፅ ሰምታ
የተሸከመችውን ጥላ የሮጠች፣
ወደ ሌላው አቅጣጫ።

ከፎቶው ጀርባ "ዝምታው" ብዬ ጻፍኩ፤ እስኪገኝ ይቆይ።
ቅዳሜ የከሰዓቱ አውሮፕላን መጣ፣
እናቴ በርጩማዋን እስከ ደፉ ጎትታ
እዚያው ቆመች፣ አልወጣችም።

"ጻፍ፣" አለችኝ።
"ለማን?"
"ለዚያ አገር ሰዎች።"
"ስማቸውን አናውቅም፣ አድራሻም የለን።"
"እነሱስ የእሱን ያውቁ ነበር? ጻፍ።"
እስክሪብቶ አነሳሁ።
"ምን ብዬ ልጀምር?"
ድምፁ በጅሬን በኩል እስኪርቅ ጠበቀች።
"እኔ እንጃ፣" አለች። "ብቻ
አየሩ ጥሩ ነው እንዳትል።"